«ለምን?» ላለኝ ሰው ያልመለስኩት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ወጣት፣ ላፕቶፗን ወደኔ አዞረች። ዩኒክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የሚሠራ የአንድ ፕሮግራም መመሪያ ነው፤ ግርጌው ላይ ስሜ ተጽፏል። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ? ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩን?» አለችኝ። ሻይ ላምጣ ብዬ ተነሳሁ።

ስሜ እዚያ የገባ ጊዜ ካዛንቺስ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እየነካካሁ ነው የለመድኩት። ማሽኖቹ አሮጌ፣ ዲስካቸውም ቀርፋፋ ስለነበር ብሮውዘሩ የሚሠራበትን ፎልደር ሜሞሪ ላይ አደረግኩት። ፈጠነ። ሜሞሪ ግን መብራት ሲጠፋ ባዶውን ይቀራል። በዚያ ክረምት ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር መብራቱ ይሄድ ነበር። በመጣ ቁጥር የአማርኛ ፊደሉንና ሌላ ሌላውን በየማሽኑ እንደገና እጭናለሁ።

ሲሰለቸኝ ፎልደሩን ሜሞሪ ላይ የሚያዘጋጀውን ያንን የዩኒክስ ፕሮግራም ኮዱን ከፍቼ፣ ከዲስክ ራሱ ቀድቶ እንዲሞላው አሻሻልኩት። ደንበኞች ግን ገና እየሞላ ሳለ ይከፍቱትና ብሮውዘሩ ይበላሻል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ሞልቶ፣ ሲጨርስ ብቻ ወደ ቦታው እንዲያመጣው አደረግኩ። የምኮራው በዚያች እርምጃ ነበር።

ሥራዬን ፕሮግራሙን ለሚያስተዳድሩት የውጭ አገር ሰዎች ላክሁ። ከአንዱ የመጣው መልስ ሰላምታ እንኳ አልነበረውም። «ለምን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ትሞላዋለህ?» በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ ባደግሁበት ቂርቆስ ትልቅ ሰው «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ሲል ምክንያት መፈለጉ አይደለም። አንገት ደፍቶ ይቅርታ ማለት ነው ደንቡ፤ ምክንያት የሚደረድር ልጅ ባለጌ ነው። ጆሮዬ ጋለ። እርምጃዋን ቆርጬ አወጣሁና፣ ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው ብዬ መልሼ ላክሁ። ሰውየው አመስግኖ ተቀበለው።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ሽኩር መመሪያው ውስጥ የገባውን ስሜን ስክሪኑ ላይ ሲያዩ ቤቱን ዘግተው ቄራ ወሰዱን። ሥጋው ገና ትኩስ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ጉርሻ ቆርጬ ተውኩት።

«ብላ እንጂ አንተ» አሉኝ። «ፈረንጅ ያጸደቀለት ሰው እንዲህ ይኮሳተራል?»

«ይተዉት ጋሼ፣ ዝና ከብዶት ነው» አለ አብሮኝ የሚሠራው ዳዊት፣ አዋዜውን ወደራሱ እየሳበ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «ማለቴ፣ እኛ ማሽኖች ላይ ያለው የቱ ነው?»

«የድሮው፣ ሌላ ቦታ የሚሞላው።»

«ለምን?»

«እሱ አይበላሽም።»

ዳዊት ማላመጡን አቆመ። «እና የሚበላሸውን ለዓለም ላክህ?»

ጋሽ ሽኩር ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ቆይቶ አንድ የማላውቀው ሰው፣ ፎልደሩ ሳይሞላ እየተከፈተ አስቸገረኝ ብሎ ለፕሮግራሙ አስተዳዳሪዎች ጻፈ። ሌላ ሰው አስተካከለው። ስሜ ግን እንዳለ ቀረ።

አሁን አብሬያቸው የምሠራ ወጣቶች ቀኑን ሙሉ «ይሄን ለምን እንዲህ አደረግከው?» ሲባባሉ ይውላሉ፤ የሚቆጣም የሚከፋም የለም። በሰማኋቸው ቁጥር ያ ሰውዬ ይመጣብኛል። የጠየቀኝ ስላላወቀ ነበር። «ሳይሞላ ሰው እንዳይገባበት ነው» ብዬ ብመልስለት ይበቃው ነበር። ለዚያ የሚሆን እንግሊዝኛ ያኔም አላጣሁም።