ቅቤ የጎረሰ ሽጉጥ

ልጅ ሳለሁ ትልቁን በደል ያደረሰብኝ ሰው አልነበረም፤ አንዲት ባለ ሃያ ገጽ የመመሪያ መጽሐፍ ነበረች። ዛሬ ሽበቴን መቁጠር ትቼ እንኳ ስለ እሷ ሳስብ ጆሮዬ ይግላል። ቂመኛ ስለሆንኩ አይደለም። ቂም የያዝኩት ያኔ ነው፤ አሁን የቀረኝ ንጹህ ቁጣ ብቻ ነው፣ እሱንም የምጽፈው ሌላው እንዲማርበት ነው።

ያኔ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ የምንኖረው አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ ከሌክ ሜሪት ሐይቅ ሁለት ብሎክ ርቆ በሚገኝ ባለ ሦስት ፎቅ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። ከሕንፃው ጀርባ መኪና ማቆሚያ አለ፤ በማቆሚያው ጥግ አንድ የሎሚ ዛፍ፣ ከዛፉ ስር ደግሞ የጋሽ በየነ ግሪል። ጋሽ በየነ በግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ዳውንታውን፣ ከስልክ ሳጥን በማትሰፋ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ለባለ መኪና ሁሉ የፓርኪንግ ትኬት ያድላሉ። ቅዳሜ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ግን ከሰሉን ያቀጣጥላሉ፣ የመካኒክ መብራታቸውን በረጅም ገመድ ጎትተው የሎሚው ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላሉ፣ የወተት ሳጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የአዋሽ በረሃ በሙሉ የእሳቸው ነው። በቆሎው እየተንጣጣ፣ ጭሱ በሎሚው ቅጠል መሃል እየተሽሎከለከ፣ ፍሙ ፊታቸውን ከስር እያቀላው ሲያወሩ፣ እኛ ልጆች ቀን የሞቀው አስፋልት ላይ ተደርድረን እንሰማለን፤ ያኔ ቤት ገብቶ ቴሌቪዥን ማየት ለኔ ቅጣት ነበር።

ተረታቸው ብዙ፣ ጀግናው ግን አንድ ነው፤ እሳቸውና ስድስት ጎራሽ ሽጉጣቸው። በወጣትነታቸው ከመሬት ቀያሾች ጋር በረሃ ሲዞሩ ያልገጠማቸው አውሬ የለም። አንድ ጊዜ ሰባት ጅብ ከበባቸው። ስድስቱን በስድስት ጥይት ጣሉ።

«ሰባተኛውስ?» አልኳቸው በእንግሊዝኛ። ያኔ አማርኛው ሁሉ ይገባኛል፣ መልሴ ግን የሚወጣው በእንግሊዝኛ ነበር።

«ሰባተኛው አፍሮ ሄደ፣ ሶስዬ።»

ይህን የሚጠራጠር ፍጡር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። አቶ ኢድሪስ ግን ነበሩ። አቶ ኢድሪስ ምድር ቤት የሚኖሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው፤ የልብስ ስፌት መኪና ይጠግናሉ፣ ጥቂት ይናገራሉ፣ አማርኛቸው ደግሞ ከሁላችንም የጠራ ነው። አንድ ቅዳሜ ቆሻሻ ሊጥሉ ወጥተው፣ ከረጢቱን እንዳንጠለጠሉ ቆመው አዳመጡ።

«በየነ፣ ይሄ ሽጉጥህ ምን ዓይነት ነበር?»

«የጥንት ነው፣ አቶ ኢድሪስ። ጥይት የሚባል ነገር አያውቅም። ባሩዱን ለብቻ፣ እርሳሱን ለብቻ፣ በገዛ እጄ እየጠቀጠቅኩ ነው።»

«ባሩዱ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

ጋሽ በየነ በቆሎ አገላበጡ። «እንደ ሁኔታው ነው» አሉ።

«እንደ ሁኔታው!» አሉ አቶ ኢድሪስ ለከረጢቱ። «ስማኝ፣ ስለ ጅቡ ብቻ አውራ። ጅቡን ማንም አይመረምረውም።»

ልጆቹ ሳቁ። አብረውኝ በቆሎ የበሉ ልጆች! ጋሽ በየነ መቆንጠጫቸውን እንደያዙ ብድግ አሉ። «ገዝቼ አሳይዎታለሁ! እርስዎ ቆመው እያዩ ስድስቱን ካልተኮስኩ፣ ከዚህ ግሪል አጠገብ ሁለተኛ ተረት አላወራም!»

ሌላው ሰው ይህን እንደ ቀልድ ሰማው። እኔ ግን ቅዳሜዬ አንድ ሽጉጥ ጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለች ወዲያው ገባኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሽ በየነ ሳን ሆዜ ካለ አንድ ሱቅ ሽጉጡን ይዘው መጡ። የጥንቱን አስመስለው ዛሬ የሚሠሩት ዓይነት ነው። «ጣሊያን ነው የሠራው» አሉ ፊታቸውን አጨፍግገው፤ «ቢሆንም ይሁን።» ከዚያ ከሽጉጡ ጋር የመጣችውን ያቺን መጽሐፍ ዘርግተው እኔን አስጠሩ፤ ምክንያቱም በዚያ ሕንፃ ውስጥ የመብራት ቢልም፣ የኢሚግሬሽን ደብዳቤም፣ የሆድ መድኃኒት ወረቀትም የሚነበበው በአሥር ዓመቷ ልጅ፣ በኔ ነበር። በተሰበረ አማርኛዬ ማስረዳት ጀመርኩ። በመጀመሪያ የፋብሪካውን ዘይት ጥረጉ ይላል። ከዚያ ባዶ ሽጉጥ ላይ፣ ከስድስቱ ቀዳዳዎች ጀርባ፣ ካፕ የምትባለውን፣ ስትመታ እሳት የምትጭር የመዳብ ቆብ እያደረጋችሁ ተኩሱና የቀረው ዘይት ይድረቅ። ከዚያ ባሩዱን በመስፈሪያ። ከዚያ ድብልብሏን እርሳስ፤ እርሳሷ ከቀዳዳው ትንሽ ስለምትወፍር ከአፈሙዙ ስር ባለችው ዘንግ ተጭናችሁ ስታስገቧት ጠርዟ ተልጦ ቀጭን ቀለበት ይወድቃል፤ ቀለበት ካልወደቀ እርሳሷ አልጠበቀችም። በመጨረሻ የእያንዳንዱን ቀዳዳ አፍ በቅባት ድፈኑ፤ አለበለዚያ እሳቱ ካንዱ ወደ አንዱ ይዘልና ስድስቱም ባንዴ ይፈነዳል።

«ስድስቱ ባንዴ?» አሉ ጋሽ በየነ። ደስ ያላቸው መሰለኝ።

«ምን ዓይነት ቅባት?» አሉኝ ቀጥለው። ቃሉን አላውቀውም ነበር። መዝገበ ቃላት አመጣሁ፣ ፈለግሁ፣ አገኘሁ። የአሳማ ስብ።

ጋሽ በየነ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው አራቁ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ኩሽና ሆነው አማተቡ። እኔም ተቆጥቼ መጽሐፉን ጠረቀምኩት። አሁን ማንም ይፍረደኝ፤ አንዲት ክርስቲያን ልጅ «አሳማ» የሚል ቃል ላይ ከደረሰች በኋላ የዓረፍተ ነገሩን ቀሪ የማንበብ ግዴታ አለባት? ካርቱኔ ሊጀምር መሆኑ ለብቻው ጉዳይ ነው።

«ቅባት ቅባት ነው» አሉ ጋሽ በየነ፣ እትዬ አስካለ ዘወር ሲሉ። እትዬ አስካለ ፍሪጅ ውስጥ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የመጣ ንጥር ቅቤ ነበራቸው፤ ለበዓል ካልሆነ ክዳኑ አይከፈትም። ጋሽ በየነ በትንሽ ማንኪያ ስድስት ጊዜ ጨለፉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሽጉጡን እዚያው ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አጎረሱና በጫማ ሳጥን አድርገው መኪናቸው የኋላ መስታወት ስር አስቀመጡት፤ ልክ ከኔ ጭንቅላት ጀርባ። አቶ ኢድሪስ ከፊት ተቀመጡ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ሐምሌ ነው። ወደ ሳን ሆዜ በሚወስደው ፍሪዌይ ላይ ፀሐዩ በመስታወቱ ገብቶ አንገቴን ይጠብሰኛል፤ ሄይዋርድ የምትባለውን ከተማ ሳናልፍ መኪናው በኮረሪማና በኮሰረት ሽታ ተሞላ።

«ምሳ ይዘሃል እንዴ?» አሉ አቶ ኢድሪስ።

«አልያዝኩም» አሉ ጋሽ በየነ፣ ኮራ ብለው።

ከሳን ሆዜ ጀርባ ካለው ኮረብታ ስር አንድ የተኩስ መለማመጃ ቦታ ነበረ። የሚቆጣጠሩት ጢማም ሽማግሌ አሜሪካዊ ናቸው። ጋሽ በየነ ሳጥኑን ከፈቱ፤ አቶ ኢድሪስ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«በየነ፣ ይሄ ጎርሷል?»

«አዎ፣ ካፑ ብቻ ነው የቀረው…»

«የጎረሰ ሽጉጥ ልጅቷ ማጅራት ላይ ጭነህ ነው ፍሪዌይ የነዳኸው? አብደሃል?»

ጋሽ በየነ ያን ጊዜ እኔን አዩኝ፤ መጀመሪያ አንገቴን፣ ቀጥሎ ሳጥኑን። ከንፈራቸው ነጣ። እኔ ደግሞ በአቶ ኢድሪስ ተናደድኩ፤ የሰው ጀግና ልጅ ፊት ይሰደባል?

ካፖቹ ተደረጉ። ጋሽ በየነ እጃቸውን ዘርግተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቃታ ሳቡ። ጧ። ካፗ ብቻ ናት የጮኸችው፣ እንደ ልጅ መጫወቻ። ተቆጣጣሪው ዘግይቶ ይተኩስ ይሆናል ብለው፣ እጃቸውን አንስተው ለረጅም ጊዜ አፈሙዙን ወደ ኮረብታው እንዳነጣጠሩ አቆሟቸው። ሁለተኛው፣ ጧ። ሦስተኛው፣ ጧ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ቢጫ ቅቤ በእጃቸው አንጓ ላይ ወርዶ የሸሚዛቸውን እጅጌ አርሶታል። ቅቤው በፀሐዩ ቀልጦ፣ በእርሳሱ ጎን ሰርጎ፣ ባሩዱን ወጥ አድርጎታል። አሜሪካዊው አፍንጫቸውን ወደ ሽጉጡ አስጠግተው አሸተቱና ተራ በተራ አዩን።

አቶ ኢድሪስ የአሳማውን ነገር ከጋሽ በየነ ሰምተው መጽሐፉን ከኪሴ ወሰዱና መነጽራቸውን አደረጉ። በቅቤ የወዛችውን ገጽ ፈልገው ወደ እኔ መለሷት። «ከአሳማው ቀጥሎ ምን ይላል፣ ልጄ?»

አነበብኩ። «ወይም» ይላል። ወይም ከአትክልት የተሠራ ነጭ ቅባት። እንዲህ ያለው ቅባት የእትዬ አስካለ ምድጃ አጠገብ ሙሉ ቆርቆሮ ነበር፤ እናቴም ጋ ነበር፤ ሕንፃው ውስጥ ያልነበረበት ቤት የለም። መጽሐፍ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው! አሳማውን ከፊት አስቀድሞ፣ ለሰው ልጅ የሚሆነውን ከኋላ የሚደብቅ።

ጋሽ በየነ ቅቤ የነካው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። «ልጅ ናት» አሉ።

አሜሪካዊው እያጉረመረሙ እርሳሶቹን በመሣሪያ መንቅረው አወጡ፣ ሽጉጡ ተፈታ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጠበ፣ ደረቀ። ከዚያ አቶ ኢድሪስ መጽሐፉን ይዘው፣ እኔ እያነበብኩ፣ ጋሽ በየነ እንደ አዲስ ተማሪ ከአንድ ጀመሩ። ካፕ በባዶው። ባሩድ በመስፈሪያ። እርሳስ፤ ቀለበቷ ወደቀች፣ ብርማ፣ እንደ አሻንጉሊት ጣት። ነጩን ቅባት አሜሪካዊው ከራሳቸው ቆርቆሮ ሰጡ። ጋሽ በየነ የስድስቱንም ቀዳዳ አፍ በጥንቃቄ ደፈኑ።

ያኔ የሆነውን ጆሮዬ እስካሁን አልረሳውም። ድምፁ «ቡም» ነው፣ ደረት ውስጥ የሚገባ፤ ከአፈሙዙ ብርቱካንማ እሳት፣ ከእሳቱ በኋላ ነጭ ጭስ፣ ሺህ ክብሪት ባንዴ የተጫረ የሚመስል፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት። ስድስቱም ተኮሱ። ዒላማው ላይ አንዲት ቀዳዳ ተገኘች፤ የኛ ሳይሆን ጎረቤት የተሰቀለው ዒላማ ላይ።

ጭሱ ገና ሳይገለጥ የጋሽ በየነን ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን ነበር። «አቶ ኢድሪስ፣ እኔ እኮ ተኩሼ አላውቅም። ከቀያሾቹ ጋር ደብዳቤ ጻፊ ነበርኩ። ጅቡንም በሩቁ ነው የሰማሁት።»

«ጆሮዬ ደንቁሯል፣ አልሰማሁህም» አሉ አቶ ኢድሪስ። «ስድስቱን ተኩሰሃል፣ አይቻለሁ። ተረትህን አውራ።»

በዚያው ሳምንት አቶ ኢድሪስ ዕቃቸውን ጭነው ሳን ሆዜ፣ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ቅዳሜ ደረሰ። መብራቱ ሎሚው ላይ ተሰቀለ፣ ከሰሉ ቀላ፣ ወሬው ስለተሰማ ትልልቁም ሰው ወጥቶ ቆመ። ጋሽ በየነ አወሩ፤ እንደ ሁልጊዜው ግን አልነበረም። ጅብ አላመጡም። ቅቤውን ተናገሩ፣ የቀለጠውን፣ እጅጌያቸውን፣ እየታዘዙ ከአንድ መጀመራቸውን። ስለ መጽሐፉ «እኔ በደንብ አላስነበብኩም» ብለው አለፉ። በሕይወቴ ከአፋቸው የሰማኋት የመጀመሪያዋ እውነተኛ ታሪክ እሷ ነበረች።

ሳቁ ከየአቅጣጫው መጣ። «ኧረ ጋሽ በየነ፣ ጅቡ ይሻላል!» አለ አንዱ ባለ ታክሲ። «ሽጉጥ በቅቤ? ወጥ ነው እንዴ?» እትዬ አስካለም ከደረጃው ላይ፣ «የኔን ቅቤ? አይደፍርም! ውሸት ነው!» አሉ።

«ሶስዬ ነበረች» አሉ ጋሽ በየነ። በመብራቱ ውስጥ ዞረው አዩኝ። «ንገሪያቸው እስቲ። አይተሻል አይደል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አየሁ ብል የሚቀጥለው ጥያቄ ታየኝ፤ መጽሐፉን ማን ነበር ያነበበው? ትምህርት ቤት እንደለመድኩት፣ «እኔ እንጃ» እንደማለት፣ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ ከፍ አድርጌ መልሼ ጣልኩት።

ጋሽ በየነ አዩኝና ወደ በቆሎው ተመለሱ። እየከሰለ ነበር። ስድስቱን ስለተኮሱ ምለው የተገዘቱበት ቃል አልያዛቸውም፤ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ግን ተረት አላወሩም። ግሪሉ ሸራ ለበሰ፣ የመካኒክ መብራቱ ወደ መኪናው ዕቃ መጫኛ ተመለሰ።

አሁን እዚያው ኦክላንድ አጠገብ፣ አልባኒ ነው የሚኖሩት፤ ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ ልጆቼና ስለ ጉልበታቸው እናወራለን። ያቺን ቅዳሜ አንስተውብኝ አያውቁም። ባለፈው ዓመት ቤት ሲያጸዱ የጫማ ሳጥኑን «ውሰጂው» ብለው ሰጡኝ። ሽጉጡ የለም፣ ከሸጡት ቆይቷል። ያለችው መጽሐፏ ናት፤ ገጿ በቅቤ ወዝቶ ብርሃን ያሳልፋል፣ «ወይም» የሚለው ቃል ከወዙ መሃል ከማንኛውም ቃል በላይ ደምቆ ይነበባል። ቁጣዬን ሁሉ በዚህች መጽሐፍ ላይ ይዤ ኖሬ፣ ስከፍታት የተቆጣሁበት ነገር እሷ ውስጥ አልነበረም።

ስለዚህ የቆየ መልስ አለብኝ፤ በአማርኛ፣ ትከሻዬን ሳላንቀሳቅስ። አዎ፣ ጋሽ በየነ፣ አይቻለሁ። ቅቤ ነበር። ኮረሪማም ነበረበት። ያነበብኩት እኔ ነኝ።