ስሱ መፍቻ

ማስተዋል ዳንግላ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በእጅ በሚዞር መኪና ልብስ ትሰፋለች። የተወለደችው አዘና ነው፤ አገውኛውን ከእናቷ አፍ፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት ይዛ አደገች። ልምሻ ገና በልጅነቷ ሁለቱን እግሮቿን ስለያዘባት እስከ ጉልምስናዋ ድረስ የምትንቀሳቀሰው በሰው ጀርባ ነበር። ኋላ እንጅባራ ያለ አንድ ማኅበር ተሽከርካሪ ወንበር ሰጣትና፣ ከዚያ ወዲህ ማንንም «አድርሱኝ» ብላ መለመን ቀረላት።

በዚህ ክረምት ታዲያ የወንበሩ ግራ ጎማ ይንገዳገድ ጀመር። ሲዞር ወዲያና ወዲህ ይላል፤ አንዳንዴም ብረቱን እየፋቀ ይጮኻል። ማስተዋል የስፌት መኪናዋን ራሷ ፈትታ የምትገጥም ናትና የቸገረውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። የጎማው እምብርት ላይ ሁለት ቀጫጭን ዳዶዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። የውስጡን ይዞ የውጩን ማጥበቅ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ተራ መፍቻ ግን ወፍራም ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ይነክሳቸዋል፤ አብረው ይዞራሉ እንጂ አይጠብቁም።

ባጃጅ ጠጋኙ ባንተአምላክ ዘንድ ሄደች። ያለውን ቁልፍ ሁሉ ሞከረ። አልገባ ሲለው የብረት መሮ የሆነውን ስካርፔሎና መዶሻ አነሳ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ጠርዙን እየመታሁ አዞረዋለሁ።»

«የሰው ባጃጅም እንዲህ ነው የምትሠራ?»

«ይሄ እኮ ባጃጅ አይደለም፣ ማስተዋል። ወንበር ነው።»

«ባጃጅ የተበላሸበት ሰው በእግሩ ይሄዳል» አለችው። «የኔ ሲበላሽ በምኔ ልሂድ?»

ባንተአምላክ መዶሻውን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም። «የሚያስፈልገው ስስ ቁልፍ ነው፤ እኔ ዘንድ የለም። እንጅባራ ጠይቂ» አላት።

በማግስቱ ከታናሽ እህቷ ከእህተማርያም ጋር ሚኒባስ ተሳፈረች። እንጅባራ ሲደርሱ የገቡበት የመለዋወጫ ሱቅ ባለቤት ማስተዋልን አልፎ እህቷን አየ።

«ምን ፈልጋ ነው?»

«እኔን ጠይቀኝ» አለች ማስተዋል። «እግሬ ነው የማይሠራ፤ ጆሮዬ ደኅና ነው።»

ሰውየው አፈረና ወንበሩን ጎንበስ ብሎ አየ። «እንዲህ ያለ መፍቻ ለገበያ አይመጣልንም። ግን እኮ ከወንበሩ ጋር አብሮ ነው የሚላከው። አልሰጡሽም?»

አልሰጧትም። ወንበሩን የሰጣት ማኅበር ግቢ ቅርብ ነበርና እህቷ እየገፋቻት በቀጥታ ወደዚያው ሄዱ። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ጋሼ ክንዴ ጥያቄዋን በሰከነ ፊት አዳመጡ።

«አዎ፣ መጥቷል። በየወንበሩ አንዳንድ የመፍቻ ከረጢት ነበር» አሉ።

«የት ደረሰ ታዲያ፣ ጋሼ?»

«እዚሁ ነው። ትንንሽ ዕቃ ስለሆነ ሰው እጅ ገብቶ እንዳይጠፋ ብለን አስቀመጥነው።»

ክረምቱን ሙሉ ጎማው ጭቃ ውስጥ እየተቀረቀረ፣ እህቷ ሥራዋን ጥላ እንደ ድሮው አዝላት ስትመላለስ፣ መፍቻው እዚህ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«መፍቻው እንዳይጠፋ ተብሎ እኔ ቤት ውስጥ ልቅር?»

«አትቆጪ፣ ልጄ። ኃላፊነቱ የኔ ነው፤ የማኅበሩ አለቃ ሳያዙኝ አልሰጥም። ስብሰባ ናቸው። ነገ ተመለሽ።»

«ነገ የት ሄጄ ነው የምመለሰው?» አለችና ወንበሩን በሩ መሃል አስገብታ ፍሬኑን ያዘች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ አበረ ጋ ደወለች። አበረ እዚያው እንጅባራ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን፣ ከእሷ ጋር በአንድ ቀን ያንኑ ዓይነት ወንበር የተቀበለ ሰው ነው። የእሱ ወንበር ጎማው ከተላቀቀ ወዲህ የዶሮ ማደሪያ ሆኗል። በባጃጅ መጣና ደጃፉ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ። መግባትም መውጣትም ቀረ።

አለቃዋ ወይዘሮ ውቢት ከስብሰባ ሲመለሱ መንገዱ ተዘግቶ አገኙ። ነገሩን ሰምተው ጋሼ ክንዴን ቀና ብለው አዩ፤ ካርቶኑ ወጣ። ከረጢቶቹ ከነላስቲካቸው ነበሩ። መፍቻው እንደ ቢላ የሳሳ ነው።

«ይህን አላወቅሁም ነበር» አሉ ወይዘሮ ውቢት። «በሉ፣ ስንሰጣችሁ አንድ ፎቶ እንነሳ።»

«ይቅርብን፣ እትዬ» አለች ማስተዋል። «ፎቶ መነሳት የነበረበትስ ሲቀመጥብን ነው።»

እዚያው ደጃፉ ላይ እህቷ ደግፋ ደረጃው ላይ አስቀመጠቻትና ወንበሩን በጎኑ አጋደሙት። በስሱ መፍቻ የውስጡን ዳዶ ያዘች፤ ከከረጢቱ በወጣ ሌላ መፍቻ የውጩን አጠበቀች። ጎማው ቀጥ ብሎ ዞረ።

«እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ?» አሉ ጋሼ ክንዴ።

ከሁሉም ይልቅ ያቃጠላት ይህ ነበር። ቢከብድ ኖሮ ይቅር ትል ነበር። ለአበረ የራሱን ከረጢት አቀበለችው።

የቀሩት ከረጢቶችም ለየባለቤታቸው እንዲደርሱ አለቃዋን ቃል አስገብታ ነው የወጣች። የሙሉነሽን ራሷ ወሰደችላት። ሙሉነሽ ግምጃ ቤት በተባለች ከተማ በገበያ ቀን ጨውና በርበሬ የምትቸረችር፣ ወንበር ከተሰጣቸው አንዷ ናት። ማስተዋል ጎማውን ዳበሰች። ስካርፔሎ ቀድሟታል፤ ዳዶው ጠርዙ ተበልቶ ክብ ሆኗል። መፍቻው ይንሸራተታል እንጂ የሚይዘው ነገር የለም።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እግዜር ያውቃል» አለች ሙሉነሽ።

«እግዜርን ተዪው፤ እሱ አይደለም ካርቶን ውስጥ ያስቀመጠው።»

ወይዘሮ ውቢት ጋ ደወለችና ስልኩን ለሙሉነሽ ሰጠቻት። «አንቺው ንገሪያቸው» አለቻት።

ሙሉነሽ ገበያ መቅረቷን፣ በርበሬዋ መሻገቱን፣ ልጇ ተሸክሟት ሲወድቅ ሁለቱም መጎዳታቸውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። አዲስ ጎማ ይላካል ተባለ። እስካሁን አልተላከም። ማስተዋል ሰኞ ሰኞ ጧት፣ የስፌት መኪናዋን ሽፋን ሳታነሳ፣ መጀመሪያ እንጅባራ ማኅበሩ ጋ ትደውላለች።