የማን መርሃ ግብር ይከብዳል?

በእኛ ቤት ኳስ ማለት የእንግሊዝ ሊግ ነበር። ባለቤቴ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኤርፖርት ሰው ለማመላለስ ከመውጣቱ በፊት ቴሌቪዥኑ ፊት ይሰየማል፤ እኔ ኩሽና ሆኜ ከሚያወጣው ድምፅ ብቻ ማን እንዳገባ አውቃለሁ። ቡድኑ ከተሸነፈ ያን ቀን ቁም ነገር አይነሣበትም። የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ግን «ግብግብ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር፤ ቻናሉን ሲያልፈው እንኳ ፊቱን ያዞራል።

እግዜር ሲስቅበት ልጁ እዚያው ግብግብ ውስጥ ገባ። ልጃችን በምንኖርባት በኦሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ መንገድ ላይ ካለው አፓርታማችን ጀርባ ከሐበሻ ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት ያደገ ነው። ሃይስኩል ሲገባ የፉትቦሉ አሰልጣኝ እግሩን አይቶ ኪከር አደረገው። ኪከር ማለት ከዚያ ሁሉ ትከሻ ሰፊ መሃል ወጥቶ፣ ኳሷን በእግሩ መትቶ በሁለቱ ረጃጅም ብረቶች መካከል የሚያሳልፍ ነው። ከዚህ ሌላ ይህ ነው የሚባል ሥራ የለውም። ጨዋታው ተቀራራቢ ከሆነ ግን ያ አንድ ምት የሁሉንም ድካም ይወስናል።

ባለፈው ሰመር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊጀምር ሲል፣ ሁለት ኮሌጆች ፈለጉት። አንደኛው እዚሁ ከተራሮቹ ማዶ ነው። ሁለተኛው ሩቅ ደቡብ፣ በጣም ኃይለኛ በሚባለው ኮንፈረንስ ውስጥ ነው፤ ኮንፈረንስ የሚሉት ትምህርት ቤቶቹ እርስ በርስ ለመጋጠም የተቧደኑበትን ማኅበር ነው። የልጄ ልብ ደቡብ ነበር። ለምን ስለው «ስኬጁላቸው ሃርድ ነው» አለኝ።

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ሳቀ። መርሃ ግብር እንዴት ይከብዳል ነው ነገሩ። ሁሉም ከሁሉም ጋር አንዴ በሜዳው፣ አንዴ ከሜዳው ውጪ ይገጥማል፤ ለአንዱ የከበደ ለሁሉም ይከብዳል፤ አለቀ። ልጁ ታግሦ አስረዳው። እዚህ አገር ትምህርት ቤቱ ከመብዛቱ የተነሣ ሁሉም ከሁሉም ጋር ሊገጥም አይችልም፤ እያንዳንዱ በዓመት የሚጫወተው ጥቂት ጨዋታ ነው። ስለዚህ አንዱ ከአንበሶች ጋር ሲተናነቅ፣ ሌላው ከበጎች ጋር ሲራገጥ ይከርምና መጨረሻ ላይ ሁለቱም እኩል አሸነፉ ይባላል። ባለቤቴ ጥቂት አሰበና ይሄማ ዕጣ ነው እንጂ ውድድር አይደለም ብሎ ወደ ሻዩ ተመለሰ።

እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ያልገባኝን ነገር ትቼ ማለፍ አልችልበትም፤ ባለቤቴን ብትጠይቁት ከጠባዬ ሁሉ የከፋው ይሄ ነው ይላችኋል። ደግሞም የእናት ነገር አለበት። ልጄ እንደነገረኝ፣ መርሃ ግብሩ ቀላል የሆነ ቡድን በጊዜ አሸንፎ ስለሚጨርስ፣ ኪከሩ ሰርግ ቤት ተወስዶ ማንም ሳይቀመጥበት እንደሚመለስ ወንበር ነው። መርሃ ግብሩ ከከበደ ግን ጨዋታው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይሄድና ያ ሁሉ ሕዝብ የአንድ ልጅ እግር ያያል። እሱ ይህን ሲያወራ ዓይኑ ያበራል። እኔ ቢስትስ እላለሁ። ስለዚህ የማን መርሃ ግብር ይከብዳል ማለት ለእኔ፣ ልጄ ስንት ጊዜ እዚያ መሃል ብቻውን ይቆማል ማለት ነበር።

የምሠራው እንግልውድ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ከማለብሳቸው ሰዎች አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሽማግሌው በየሰመሩ፣ ፉትቦሉ ሳይጀመር የሚወጡትን ወፋፍራም መጽሔቶች አስገዝተው አልጋቸው ላይ ዘርግተው ያነባሉ። አንድ ጠዋት ካልሲያቸውን እያጠለቅኩ፣ የየትኛው ኮንፈረንስ መርሃ ግብር ነው የሚከብደው ብዬ ጠየቅኋቸው። እግራቸውን ከእጄ ነጥቀው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቃቸው ሰው ካጡ የቆዩ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የነገሩኝ ዘዴ ቀላል ነበር። የምትገጥሚያቸው ቡድኖች አምና ስንት ጊዜ አሸነፉ? ደምሪው። ድምሩ ከበዛ መርሃ ግብርሽ ከባድ ነው። ገባኝ ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ቤት ሄድኩ። በማግስቱ ግን ሌላ ጥያቄ ይዤ መጣሁ፤ አምና ያሸነፉት ልጆች ተመርቀው ሄደው የለም ወይ? ሽማግሌው ሳቁ። አዎ፣ ብዙዎቹ ሄደዋል፤ አንዳንዶቹም ትምህርት ቤት ቀይረው ዘንድሮ ለአምና ባላጋራቸው ይጫወታሉ አሉ። ታዲያ የምንደምረው የማንን ጉልበት ነው አልኳቸው። የስሙን ነው አሉኝ።

እንዲህ እያልን ከረምን። አንዳንዱ ኮንፈረንስ እርስ በርሱ ስምንት ጊዜ፣ ሌላው ዘጠኝ ጊዜ እንደሚጋጠም፣ በተረፈችው አንዷ ሳምንት ደካማ ትምህርት ቤት ጠርተው የሚያርፉባት እንዳሉ ተማርኩ። ቁርስ ላይ ከሽማግሌው ፊት ለፊት የሚቀመጡ የደቡብ ተወላጅ ሴትዮ ነበሩ። የእሳቸው ኮንፈረንስ ቡድኖች እርስ በርስ ሲሸናነፉ፣ ሁሉም ጠንካራ ስለሆኑ ነው ይላሉ። አንዱ ሁሉንም ጠራርጎ ሲያሸንፍ ደግሞ፣ እነዚያን ሁሉ ጠንካሮች ያሸነፈ ምን ያህል ጠንካራ ይሆን ይላሉ። ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ሚዛኑ ወደ እነሱ ነው። ሽማግሌው የመካከለኛው ምዕራብ ሰው ናቸውና በዚህ ይበግናሉ፤ ነገሩ የራሳቸው ሲሆን ግን እሳቸውም ያው ናቸው።

ከሁሉ የገረመኝ ይሄ ነበር። አንድም ሰው የሌላው ይከብዳል የሚል የለም። ጨዋታው ሳይጀመር፣ ላም አለኝ በሰማይ እያለ፣ ሁሉም የራሱን ያሞግሳል፤ ማንም አያፍርም። የኛ ደንብ ሌላ ነው። ልጅሽ ጎበዝ ነው ሲሉሽ «ኧረ ምኑ፣ እናንተ ስለወደዳችሁት ነው» ትያለሽ። ሳይጎብዝ ቀርቶ አይደለም። ከዓይን ትጠብቂዋለሽ፣ እንዳይታበይም ትከለክይዋለሽ። ማመስገኑ የጎረቤት ሥራ ነው።

የተማርኩትን ራት ላይ አወራለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ የማይሰማ መስሎ ይበላ ነበር፤ በኋላ ገና በሩን ሳልዘጋ፣ ሽማግሌው ዛሬ ምን አሉ ማለት ጀመረ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የደቡቡ አሰልጣኝ በቪዲዮ ሊያነጋግረን ቀጠሮ ነበረን። ባለቤቴ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ልጄ በመካከላችን ሆኖ ስልኩን ይዞልናል። አሰልጣኙ ደግ ሰው ይመስላል። ስለ ቤተሰባችን፣ ስለ ሥራችን ጠየቀን። በመጨረሻ ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ የኛ መርሃ ግብር በአገሩ ካሉት ከከባዶቹ አንዱ ነው፤ ልጅዎ ይችለዋል ብለው ያምናሉ ወይ አለው።

«ኧረ ገና ነው» አለ ባለቤቴ በእንግሊዝኛው። «ብዙ ይቀረዋል። እናንተ ካስተማራችሁት እንግዲህ እናያለን።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ብጠየቅ ከዚህ የተለየ አልመልስም ነበር። አባት ስለ ልጁ ለማያውቀው ሰው ሲናገር በእኛ ዘንድ ከዚህ የበለጠ ጨዋ መልስ የለም። ውስጡ አደራም አለበት፤ ልጄን ለእናንተ ሰጠሁ ማለት ነው። አሰልጣኙ ግን ፊቱ ያለው ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ከዚያ አመስግኖን፣ እደውላለሁ ብሎ ተሰናበተ። ልጄን ዞር ብዬ ሳየው አጎንብሶ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል።

አሰልጣኙ አልደወለም። ልጄ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ መብላት ጀመረ። አባቱን ሰላም ይለዋል፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለም። አንድ ቀን ከልምምድ ይዤው ስመለስ መኪና ውስጥ ምን ሆነሃል አልኩት። ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ማሚ፣ ዳዲ እኮ አያምንብኝም» አለኝ።

ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የሚመልስልኝ ልጅ ይህቺን በአማርኛ ነው ያላት። ደንቡን ላስረዳው ሞከርኩ፤ እየተናገርኩ ለራሴም ሰበብ መሰለኝ።

በማግስቱ እንግልውድ ስገባ ሽማግሌው ፊቴን አይተው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አባት አልተዘጋጀም ካለ አሰልጣኝ ምን ይላል፣ እኔም ብሆን ሌላ ልጅ እፈልግ ነበር አሉ። አይ፣ እንደሱ ማለቱ አይደለም ብዬ ስለ ዓይን፣ ስለ እብሪት፣ ስለ ጨዋነት አወራሁላቸው። መጽሔታቸውን አጥፈው ሰሙኝ። ሲያዳምጡ ቆይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ታዲያ ልጁ ጎበዝ መሆኑን ከማን ይሰማል?»

ከጎረቤት ልል ስል እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ አንድ ቀን አመስግናኝ አታውቅም፤ አላስፈለጋትም። የግቢው ሴቶች ሲያደንቁኝ እሷ «ተዉኝ እስቲ» ትላለች፣ እኔ መካከላቸው ቆሜ ሁለቱንም እሰማለሁ። እዚህ ግን ከበላያችን የሚኖሩት ሰዎች ማን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም፤ እኔ ከሥራ ስገባ እነሱ ይወጣሉ። ማቃለሉን ይዘን መጣን፤ የሚያመሰግነው ሰፈር አብሮን አልመጣም። ልጄ ዕድሜውን ሙሉ «ኧረ ምኑ» የሚለውን ብቻ ሲሰማ ነው የኖረው። እዚያው የሽማግሌውን ሸሚዝ እንደያዝኩ ደነገጥኩ።

ቤት ገብቼ ራት ላይ ለባለቤቴ ስነግረው ተቆጣ። እኔ በገዛ ልጄ የማላምን ሰው ነኝ ወይ አለ። ሰውዬው ደንብ ባያውቅ የኔ ጥፋት ነው ወይ አለ። ዝም አይነቅዝም የሚባለውን ተረት አመጣ፤ እኔ ደግሞ ካፍ ከወጣ አፋፍ ብዬ መለስኩለት፤ ተራ በተራ ተረት ስንወራወር ቆየን። በመጨረሻ ስለ አሰልጣኙ ተወው አልኩት። «ልጁም እኮ ደንቡን አያውቅም። እዚህ ነው የተወለደው።»

ባለቤቴ እጁን ሳይታጠብ ከማዕዱ ተነሣ፣ ልጁን ከክፍሉ ጠርቶ፣ ለዚያ ሰው ደውልልኝ አለው። ልጄ እኔን አየኝ። ደውልለት አልኩት።

አሰልጣኙ አነሣ። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል። ባለቤቴ ቆሞ ነው የተናገረው። ያን ቀን የመለስኩልህ ባገሬ ደንብ ነው፤ እኛ ልጃችንን በሰው ፊት አናመሰግንም፤ እውነቱን ከጠየቅከኝ ግን ልጄ ይችላል አለ። አሰልጣኙ አክብሮ ሰማው። ይህን በመስማቴ ደስ ብሎኛል፣ ግን ቦታውን ለሌላ ልጅ ሰጥተናል፣ አዝናለሁ አለ። ልጄ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ስልኩን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ።

ባለቤቴ ግን ስልኩን አልሰጠኝም። ገባኝ፣ ስለ ቦታው አይደለም፣ የጀመርኩትን ልጨርስ ብቻ አለው። ከዚያ ቀጠለ። ሜዳው በረዶ ይዞ ልምምድ ሲቀር ልጁ አካፋ ይዞ መጥቶ መቆሚያውን ብቻ ጠርጎ ሲመታ አይቻለሁ አለ። ሲስት እግሩን አያይም፣ ማንንም አይወቅስም፣ የሚቀጥለውን ኳስ ያነሣል አለ። ነፋሱ ሲዞር ከማንም በፊት ያውቃል አለ። ለካ ሰውዬው ሥራ ከመግባቱ በፊት መኪናውን ሜዳው አጠገብ ፓርክ እያደረገ ሲያይ ነው የከረመው፤ እኔም አላውቅም፣ ልጁም አያውቅም። እንግሊዝኛው ሲያጥረው ወደ አማርኛ ገባ፤ ያኔ ዓይኑ ከስልኩ ላይ ተነሥቶ ልጁ ላይ ነበር። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

አሰልጣኙ በመካከል አመስግኖ ሲሰናበት ሰምቻለሁ። ባለቤቴ አላቆመም። ልጄ ስልኩን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዳዲ፣ ሰውዬው ዘግቷል እኮ» አለው።

«ይዝጋ» አለ ባለቤቴ። «እኔ ገና አልጨረስኩም።»