አባቴና ከእንፍራንዝ በላይ ያለችው ሥዕል

ከጎንደር የተነሳነው ማለዳ ነው። ከእንፍራንዝ በላይ ያለች የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አፍስሶ የመቅደሱን ሥዕል አርሶታል። ካህናቱ መጥቼ እንዳየው ልከውብኝ ነበር። አባቴ ይህን ሲሰማ «እኔም ልሳለም» ብሎ ነጠላውን አነሳ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ጣሊያን አገር፣ የድሮ ሠዓሊዎቻቸውን ሥራ ሳጠናና ሳስተምር ነው። ወደ አገሬ መመላለስ የጀመርኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። አባቴ ግን ስለ ሥራዬ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ታላቅ ወንድሙን የገደሉት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ሰው ሲጠይቀው «አስተማሪ ናት» ብሎ ያልፈዋል።

ማክሰኝት ላይ ሚኒባሱ ሲቆም የሽንብራ እሸት ገዛሁ። አባቴ እየፈለፈለ መዳፌ ላይ ያደርግልኛል። እንዲህ እያልን ብዙም ሳንነጋገር እንፍራንዝ ደረስን። እሱ ካህናቱ በላኩለት በቅሎ ተቀምጦ፣ እኔ በእግሬ፣ ጤፍ በሚታጨድበት ማሳ መሐል ዳገቱን ወጣን።

ቤተ ክርስቲያኑ

ሥዕሉ መቅደሱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሸራ የተሣለ ነው፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች። የሸራው ጠርዝ በእርጥበት ተላቋል። አይቼ ስወጣ የደብሩ አለቃና ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ካለ የጽድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«ሠዓሊው አስተቃቀፏን የቀዳው ከሮም ከመጣ የወረቀት ሥዕል ነው» አልኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር የተናገርኩት።

አንደኛው ሽማግሌ «የጣሊያን ከሆነማ ምን ያደርግልናል? ይነሳና በአዲስ ይሣል» አሉ። አዲስ የሚያሠራ ሰው ተገኝቶ ኖሯል። ሌሎቹም ተስማሙ።

ደነገጥኩ። «አስተቃቀፏ ነው እንጂ ፊቷም ልብሷም የዚህ አገር ነው። የሣላትም የዚህ አገር ሰው ነው» ብል የሚሰማኝ አጣሁ።

ይሄኔ አባቴ በትሩን ተደግፎ ተነሳ። «ወንድሜን የገደለብኝ ጣሊያን ነው። ቂሙ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም» አለ። «ቅድም ግን እዚህችው ሥዕል ፊት ቆሜ፣ ስሙን ጠርቼ ስለ ነፍሱ ለመንኳት። ብታነሷት አዝናለሁ።»

ኋላ እኒያው ሽማግሌ አባቴን እያዩ «አያ ተገኘ፣ አንቱ እንዲህ ካሉ እኛ ምን እንላለን? ትቆይ» አሉ። አለቃውም ጣሪያው አስቀድሞ እንዲጠገን አዘዙ። ሸራውን ፀሐይ ሳይነካው እንዴት እንደሚያደርቁት አሳይቻቸው ወረድን።

መልስ

ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ለመሆኑ እዚያ አገር የምታይው እንደዚህ ያለውን ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እናትና ልጅ?»

«ብዙው እናትና ልጅ ነው።»

ጥቂት አሰበና «ሸጋ ነው» አለ።

የተማርኩትን ለስንቱ ሳስረዳ ኖሬ፣ ለአባቴ ግን እስኪጠይቀኝ እጠብቅ ነበር። እሱም እስክነግረው ሲጠብቅ እንደነበር የገባኝ በዚህ መንገድ ላይ ነው። ቤት እንደገባን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳበ።

«በይ፣ ያሉሽን ሥዕሎች አምጪና አሳዪኝ» አለኝ።