ጉድባውን የቆፈረው ማን ነው

ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆኖ ሶዶ ውስጥ አዳዲስ መሥሪያ ቤቶች ሲከፈቱ፣ ሰው ጠፍቶ ከየትምህርት ቤቱ መምህር ይለቀም ነበር። እኔም ጂኦግራፊ ከማስተምርበት ክፍል ተነሥቼ የባህልና የጉብኝት ጉዳይ ወደሚሠራበት ቢሮ ተዛወርኩ። ለምን እንደተመረጥኩ ዛሬም በቅጡ አይገባኝም። ካርታ ማንበብ ስለምትችል ነው ያሉ አሉ፤ የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር ነው ያሉም አሉ።

የቢሮው ኃላፊ በመጀመሪያው ቀን በታይፕ የተጻፈ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። የአካባቢው የመስህብ ሥፍራዎች ዝርዝር ከነአጭር ማብራሪያቸው ነበር፤ ተራራው፣ ፏፏቴው፣ ዋሻው፣ የተፈጥሮ ድልድዩ፣ የጥንት ነገሥታት ያስቆፈሩት የጦር መከላከያ ጉድባ።

«እነዚህን ታውቃለህ አይደል?» አሉኝ። ኃላፊያችን ሲቸኩሉ በአማርኛቸው ሴቷም ወንድ ትሆናለች፤ እኔም ብሆን ስናደድ እንደዚያው ነኝ።

«አውቃለሁ» አልኩ።

አላውቅም ነበር። ዳሞታን አውቃለሁ፤ ሶዶ ተወልዶ የዳሞታን ተራራ የማያውቅ የለም። ሌላውን ግን በስም ብቻ ነው የሰማሁት። አባቴ የወንጌል አገልጋይ ስለነበር እቤታችን ስለ ዳዊትና ስለ ሰሎሞን እንጂ ስለ ወላይታ ካዎዎች፣ ማለት ስለ ነገሥታቱ፣ ሲወራ አልሰማሁም። የእስራኤልን ነገሥታት በተራ እጠራለሁ፤ የራሴን አገር ነገሥታት ግን ሁለቱን ከጠራሁ በኋላ ይምታታብኛል።

በሁለተኛው ወር ከአዲስ አበባ ሦስት እንግዶች መጡ። ሦስቱም ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህራን ናቸው፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። ከዝርዝሩ ውስጥ ጉድባውን መረጡ። የቢሮው መኪና ተበላሽቶ ስለነበር፣ ኃላፊያችን ገበያው ዳር የጅምላ መደብር ያላቸውን አንድ ነጋዴ ለመኑ፤ ሰውየውም ፒካፓቸውን ራሳቸው እየነዱ ሊወስዱን ፈቀዱ። አባታቸው ከስልጤ የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን ሶዶ ተወልደው ያደጉ፣ ወላይትኛው ከእኔ ይልቅ የሚያምርባቸው ሰው ናቸው። ጋሼ ነበር የምንላቸው።

ወደ ሁምቦ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። እኔ ከኋላ ተጣብቤ ተቀምጬ ወረቀቴን በልቤ እደግማለሁ። ቦታው ስንደርስ እንደማይጠፋኝ ለራሴ እየነገርኩ ነበር። ምን ዓይነት ነገር እንደምፈልግ እንኳ አላውቅም።

ከዋናው መንገድ ወጥተን በበቆሎ ማሳዎች መካከል ጥቂት እንደሄድን ጋሼ መኪናውን አቆሙና ሣር የተሸከመች ሴት ጠየቁ። ሴትየዋ በአገጯ ወደ አንድ ኮረብታ ጠቆመች። ከኮረብታው ሥር በእርግጥም ረጅም ጉድባ አለ። ጥልቀቱ ከሰው ወገብ ያልፋል፤ ዳርና ዳሩ ቁጥቋጦ በቅሎበታል፤ ኮረብታውን እየዞረ ይሄዳል። በደስታ ልቤ ዘለለ።

ጉድባው አፋፍ ላይ ቆሜ ጀመርኩ። «ይህ የተቆፈረው የጠላት ፈረሰኛ እንዳያልፍ ነው። ካዎው ለየጎሳው ድርሻ ሰጥቶ ነው ያስቆፈረው። አፈሩን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ነው ያወጡት።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ ላይ አልነበረችም። ከየት እንደመጣችብኝ አላውቅም።

ሁለቱ ወንዶች ፎቶ አነሡ። እንግዳዋ መምህርት ግን ቀስ ብለው ጉድባው ውስጥ ወረዱ፤ ተንበርክከው አንድ እፍኝ አፈር ዘግነው በመሐረባቸው ቋጠሩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ሳስተምር ስለዚህ አንዲት መስመር አላስተማርኩም» አሉኝ። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ።»

በዚህ መካከል መቆፈሪያ የያዙ አንድ ሽማግሌ ከማሳቸው ወጥተው አጠገባችን ቆመው ኖሯል። ሰላምታ ሰጥተው፣ ልጅቷ ምን እያለች እንደሆነ ጋሼን በወላይትኛ ጠየቋቸው። ጋሼም ነገሯቸው። ሽማግሌው እኔንም ጉድባውንም አዩና ሳቅ አሉ። የክፋት ሳቅ አልነበረም።

«ይህንንማ እኛ ነን የቆፈርነው» አሉ በወላይትኛ። «በድርቁ ጊዜ። ጎርፍ ይይዛል ተብሎ፣ ለእርዳታ ስንዴ። እኔ ከዚያች ግራር እስከዚህ ድረስ ቆፍሬያለሁ።»

መምህርቷ መሐረባቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። «አባታችን ምን አሉ?»

ከጋሼና ከእኔ በቀር የሽማግሌውን ቋንቋ የሚሰማ አልነበረም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የሚሉት» አልኩ።

ሽማግሌውም የተረጎምኩላቸው መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሼ አንዴ አዩኝና መኪናቸውን ሊያስነሡ ሄዱ።

ስንመለስ እንግዶቹ መንገዱን ሙሉ ስለ ጉድባው ሲያወሩ እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ሶዶ ሆቴላቸው አድርሰናቸው ሁለታችን ብቻ ስንቀር ጋሼ መሪውን እንደያዙ፦

«እኔም ወላይትኛ እሰማለሁ እኮ» አሉኝ።

«ምን ልበላቸው ጋሼ? ሴትየዋ እያለቀሱ ነበር።»

«እኔ እንጃ» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «እኔም እዚያው ቆሜ አላረምኩሽም። ግን ሰውየው ስንዴውን እንዴት እንዳገኙት እየነገሩሽ አንቺ እንኳን ደህና መጣችሁ አልሽ» አሉ።

ቢገሥጹኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሳምንት ሥራ ላይ ልቤ አልነበረም። ሽማግሌውን ዋሸሁ ወይስ እንግዶቹን? ወይስ ገና ከመነሻው፣ አውቃለሁ ያልኩ ዕለት፣ ራሴን ነው የዋሸሁት? ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ሁምቦ ወረድኩ። ካወረደኝ ቦታ ረጅም መንገድ በእግሬ ሄጄ የሽማግሌውን ቤት ጠይቄ አገኘሁ። ደጃፋቸው ላይ ከባለቤታቸው ጋር በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ብመጣም የቱን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።

«አባቴ፣ እውነተኛው የካዎው ጉድባ የቱ ጋ ነው?» አልኳቸው።

«ያየሽው ነዋ።»

«እኛ ነን የቆፈርነው ብለውኝ አልነበረም?»

«ነው እንጂ፣ እኛ ነን።» ግራ መጋባቴ ገርሟቸው በቆሎውን አስቀመጡ። «የሥራው ኃላፊ መጥቶ፣ ቀድሞ ጎድጎድ ያለው ላይ ቆፍሩ፣ ድካም ይቀንስላችኋል አለን። ጎድጓዳው ከበፊትም ነበር። ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅበት አባቴ የካዎው ነው ይለው ነበር። እኛ ያንኑ አጠለቅነው።»

እፎይ ልል ስል ሚስታቸው አቋረጧቸው።

«የምን የካዎ! የካዎውማ ከኮረብታው ወዲያ ነበር፤ መንገድ ሲወጣ ደፍነውታል። የዚህኛው ጎድጓዳ የጎርፍ ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ነው ያደግሁት፤ አንተ በልጅነትህ ከወዲያ ማዶ የመጣህ ሰው ነህ!»

«አባቴ ያለውን ልተው?»

«አባትህ ካዎውን አይቶታል እንዴ?»

ከዚያ በኋላ እኔን ረሱኝ። የመንገዱን ሥራ፣ የጎርፉን ዓመት፣ የሞቱ ሰዎችን እየጠሩ ተከራከሩ። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ የሁለቱንም ለመጻፍ ሞከርኩ፤ እሳቸው ወዲያ የሚሉትን ሚስታቸው ወዲህ ይሉታልና ብዙም ሳልጽፍ ካርታዬ ተምታታ። ሳስተምረው የኖርኩት ጂኦግራፊ እዚያ ደጃፍ ላይ ምንም አልረዳኝም። ስነሣ ሚስትየዋ የተጠበሰ በቆሎ አስያዙኝ። ሽማግሌው እስከ መንገዱ ሸኙኝ፤ ያኔ ነው እንደምንም የዋሸሁትን የነገርኳቸው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ አልሽልኝ?» አሉ። «ደግ አደረግሽ፤ እኔ ረስቼው ነበር።»

ይህም ይቅርታ ይሁን ፌዝ አልገባኝም።

ሰኞ ለኃላፊያችን ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኩ። ግንባራቸውን ይዘው አዳመጡኝ። ጉድባው አጠገብ የሚተከለው ሰሌዳ ቀለም ተቀብቶ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር።

«እና ምን እንጻፍ? ካዎው? ስንዴው? ጎርፉ?»

«አላውቅም።»

«መንግሥት አላውቅም ብሎ ሰሌዳ አይተክልም» አሉ ተማረው። በመጨረሻ ሠዓሊው ተጠርቶ ካዎው ያስቆፈረው የሚለውን ጻፈና ከግርጌው ጥግ ላይ «ተብሎ ይታመናል» የሚለውን በትንንሽ ፊደል ጨመረ። ማን እንደሚያምን አልተጻፈም።

ለእንግዳዋ መምህርት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሽማግሌው ያሉትን፣ እኔ የተረጎምኩትን፣ ባልና ሚስቱ የተከራከሩትን ሁሉ ሳልደብቅ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። መልሳቸው ግን በሦስተኛው ሳምንት በሚያምር የእጅ ጽሑፍ መጣ። «በመጀመሪያ ተናደድሁ» ይላል። «ከዚያ ባለቤቴ ያን አፈር ጣይው ሲለኝ እጄ እምቢ አለ። ለስንዴ የቆፈሩትም ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የካዎው ነው ብዬ የወሰድሁትን አሁን ምን ብዬ ላስቀምጠው? ስታውቂ ጻፊልኝ።»

ሳላውቅ ዓመታት አለፉ፤ እሳቸውም ሌላ ደብዳቤ አልጻፉም።

እዚያ ቢሮ አራት ዓመት ሠራሁ። ፏፏቴውንም ዋሻውንም በእግሬ ሄጄ አወቅኋቸው። ጉድባው ጋ ስደርስ ግን ሁሌም ሦስቱንም እናገራለሁ፤ ወረቀቱ ያለውን፣ ሽማግሌው ያሉትን፣ ሚስታቸው ያሉትን። አብዛኛው እንግዳ ደስ አይለውም። አንድ ጊዜ ኮፍያ ያደረገ ወጣት ሰውዬ ሰሌዳውን አንብቦ፣ እኔንም ሰምቶ ሲያበቃ ተቆጣ።

«እኅቴ፣ ከዚህ ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት አንዱን እንድትነግሪኝ ነው። የቱን ልያዝ?»

እኔም ገና አንዱን አልያዝኩም። ሽማግሌው ቤት መኖራቸውን መንገደኛ ጠየቅሁና፣ ከፈለገ ራሱ እንዲጠይቃቸው በማሳው መካከል ይዤው ሄድኩ።