የልጄ እንጥል

በሮብ ገበያ ዙሪያ ጉሮሮ የታመመ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ማጭድ በምትመስል ትንሽ ብረት እንጥል እቆርጣለሁ፤ እቆርጥ ነበር ልበል። እጁ ፈጣን ነው ሲሉኝ ጢሜን እየደባበስሁ እሰማለሁ። የሚደባበስ ጢም እንኳ አልነበረኝም።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ምራቋን መዋጥ አቃታት፤ ትኩሳቱም ጸናባት። እናቷ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት አለችኝ።

"የእኔ ልጅ እንጥሏ ወርዶ ሰው ደጅ ልትጠና? ይኸን ሁሉ የሰው ጉሮሮ የተለማመድሁት ለማን ነው?"

ብቻዬን ሳቅሁ። ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቆረጥኋት። በሳምንቱ ትኩሳቱ ለቀቃት። ከዚያማ ማን ይቻለኝ፤ ከቅዳሴ የሚወጣውን ሁሉ እያስቆምሁ አፏን አስከፍቼ አሳየሁ።

ጥቂት ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ፤ ቀጥሎ ክርኗ። እያደገች ነው አልሁ። መልስ አጥቼ አላውቅም።

አሥራ ሰባት ሲሞላት ውኃ ይዛ ዳገት መውጣት ተሳናት። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰድኋት። ሐኪሙ ደረቷን ብዙ ካዳመጠ በኋላ አስረዳኝ። ያኔ ጉሮሮዋን ያመማት ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ እንጥሏ ምንም አልበደለም። በመድኃኒት ይድን ነበር። ሳይታከም ሲቀር ግን ሰውነቷ እሱን የሚዋጋ መስሎት ጉልበቷንና ክርኗን አሳበጠ፤ የገዛ ልቧንም በሮች አቆሰለ።

"ማነው የቆረጣት?"

"አንድ ነፈዝ ሽማግሌ።"

"አሁንም ይቆርጣል?"

"ትቶታል" አልሁት። ልጄ መሬት መሬቱን አየች እንጂ አላጋለጠችኝም።

ይኸው በየወሩ ለመርፌ እንመላለሳለን። ከሆስፒታሉ ወደ መኪና ተራው የሚወስደው መንገድ ዳገት አለው። ትንፋሿ ሲያጥር ስሰማ እኔ ቀድሜ ድንጋይ ላይ ቁጭ እላለሁ።

"አባባ፣ ዛሬም ጉልበትዎ ነው?"

"ዛሬም።"

አጠገቤ ትቀመጣለች።

ለጋብቻ የጠየቃት ሰው ስላለ፣ ባለፈው ወር መውለድ ትችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠየቀች። እንዲህ እንዳለች ብታረግዝ ለሕይወቷ ያሰጋል፤ መጀመሪያ የልብ ቀዶ ጥገና ይደረግላት አለ። የቀዶ ጥገናው ወረፋ መቼ እንደሚደርስ ግን አላወቀም።

ወጣን። ዳገቱ ላይ እንደ ልማዴ ተቀመጥሁ። እሷ አልተቀመጠችም።

"ይነሡ፣ አባባ። ጉልበትዎ ደህና ነው፤ ድሮም አውቃለሁ።"

ጥላኝ ሄደች። ጥቂት እንደ ተራመደች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም። ሄጄ ልደግፋት ተነሣሁና ይህን እጄን ምን ብዬ እንደምዘረጋላት ቸገረኝ።