ቢቸና ተቀምጬ ሞጣ ላይ የነዳሁት መኪና

ሥራ የጀመርኩት ቢቸና ነው፤ መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ በጸሐፊ ታይፒስትነት። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊዬ አንድ ረቂቅ ሰጥተውኝ «በሦስት ቅጂ» አሉኝ። በሥራ ሰዓት ተኝቶ ለተገኘ ዘበኛ የሚሰጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነበር። ካርቦኑን ገልብጬ አስገብቼው ኖሮ ሁለቱ ቅጂዎች ባዶ ቀሩ፤ የዋናው ጀርባ ግን በመስታወት እንደሚታይ ጽሑፍ ተገልብጦ ታተመበት።

«ዘበኛው ይህን በምን ያንብበው?» አሉኝ።

«መስታወት ይዋሳል» አልኩ።

አላባረሩኝም። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ኮምፒውተር ሲመጣ፣ ታይፕ የሚመታ ሰው ኮምፒውተርም አያቅተውም ተባለና ደብረ ማርቆስ ሁለት ሳምንት ሠልጥኜ የጥገና ባለሙያ ሆኜ ተመለስኩ። ያኔ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያከፋፍል ዩኒየን ውስጥ ነበርኩ። ዋናው ቢሮ ቢቸና፣ ቅርንጫፉ ሞጣ። ሙያዬ ሦስት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ አጠፋዋለሁ። ቀጥሎ አበራዋለሁ። እምቢ ካለ «ቫይረስ ነው» እላለሁ። በዚህች አንድ ቃል ብዙ ዓመት ተከብሬ ኖሬአለሁ።

የሞጣው ኮምፒውተር በታመመ ቁጥር መፍቻና ሲዲ ይዤ መኪና እሳፈራለሁ። በግንደወይን በኩል አቧራ ስቅም ውዬ ስደርስ፣ ግማሽ ጊዜ ሶኬቱ ተነቅሎ አገኘዋለሁ። ሰክቼው እመለሳለሁ። በሪፖርቴ ላይ ግን «የኃይል አቅርቦት ችግር ተፈቷል» ተብሎ ይጻፋል።

ከዚህ ጉዞ የገላገለኝ ከባሕር ዳር የመጣ አንድ መሐንዲስ ነው። በሁለቱም ቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ የሪሞት ፕሮግራም ጫነልን። ቢቸና ቁጭ ብዬ የሞጣውን ማሽን ቁጥርና ፓስዋርድ ሳስገባ፣ የሞጣው ስክሪን እንዳለ የእኔ ላፕቶፕ ላይ ይመጣል። ማውሱን እኔ ስነካ ቀስቷ እዚያ ትሄዳለች። ለሙከራ የገባሁ ዕለት የሞጣዋ መዝጋቢ ወይዘሮ ዘይነባ ደወለችልኝ።

«ጋሽ አድማሱ፣ ቀስቷ በራሷ ትሄዳለች!»

«እኔ ነኝ። እጅሽን አንሺ።»

«የት ሆነው?»

«ቢቸና።»

«እንግዲያው ፋይሉንም እዚያው ሆነው ቢመዘግቡልኝስ?» አለች። ዘይነባ የሞጣ ነጋዴ ልጅ ናት፤ የተከፈተ በር ካየች ሳትጠይቅ አታልፍም።

አሁን ኃጢአቴ ይጀምራል። ለሞጣ የመጣው ማሽን የቀበሌ ካርታ እንዲሣልበት የተላከ፣ ባለ ትልቅ ስክሪን፣ ባለ ግራፊክስ ካርድ፣ ሁለት ጉልበተኛ ስፒከር ያለው ነበር። የካርታ ባለሙያው ሳይቀጠር ቀረ፤ ማሽኑም የማዳበሪያ ወሳጆች ስም ዝርዝር ይጻፍበት ጀመር። የኔ ላፕቶፕ ደግሞ ጨዋታ ቀርቶ ካልኩሌተር ሲከፍት የሚያቃስት ነበር። እኔም፣ ልንገራችሁ፣ በልጅነቴ የከባድ መኪና ሾፌር መሆን እመኝ ነበር። ለመንጃ ፈቃድ ሦስት ጊዜ ተፈትኜ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። በሦስተኛው ላይ ፈታኙ መኪናው ሳይቆም ወርዶ ሄደ።

የከባድ መኪና ጨዋታ የያዘ ሲዲ እጄ ገባ። ለሌላ ሥራ ሞጣ በሄድኩበት ቀን በዚያ ማሽን ላይ ጫንኩት። ለዘይነባም «በምሳ ሰዓት አፕዴት ስለማደርግ አታጥፊው» አልኳት። አመነችኝ። ከዚያ ወዲያ ስድስት ሰዓት ሲሆን እሷ ቢሮዋን ቆልፋ ምሳዋን ልትበላ ትወጣለች፤ እኔ ቢቸና በሬን ዘግቼ መኪናዬን አስነሣለሁ።

አነዳዱ ሙያ ይጠይቅ ነበር። መስመሩ ቀርፋፋ ስለሆነ የስክሪኑን ቀለም ወደ ዝቅተኛው አወርደዋለሁ፤ ያኔ ሰማዩና አስፋልቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። መሪውን ቢቸና ላይ ባዞር፣ ትእዛዙ ሞጣ ደርሶ መኪናው ዞሮ ምስሉ እስኪመለስልኝ እስከ አራት እቆጥራለሁ። ስለዚህ መታጠፊያው ሳይታየኝ አስቀድሜ አዞራለሁ። አንዳንዴ መታጠፊያ ይኖራል። ብዙ ጊዜ ግን ዛፍ ነው።

ድምፅ አይሰማኝም ነበር። የላፕቶፔ ስፒከር ሞቷል ብዬ ተውኩት። ጥሩንባውን ግን ሾፌርነት ያለ ጥሩንባ ምን ይሆናል እያልኩ ሳልታክት እጫነው ነበር።

በዚህ ሁኔታ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ በሰኔ፣ የማዳበሪያ ወረፋ በተጧጧፈበት ሰሞን፣ የሞጣው ሥራ አስኪያጅ አቶ ይርጋ ደወለ። ቁጣው በስልኩ ቀዳዳ ይወጣ ነበር።

«ጋሽ አድማሱ፣ ገበሬው ፀሐይ ላይ ቆሞ እዚህ ቢሮ ውስጥ ጨዋታ ተገኘ! ዛሬ በምሳ ሰዓት በመስኮት ሳይ ስክሪኑ ላይ ከባድ መኪና ይጋልባል። ቁልፉ ያለው ዘይነባ ዘንድ ብቻ ነው። ከምሳ ስትመለስ አስከፍቼ አየሁት። ሾፌሩ ማን ይላል? ዘይነባ! መኪናው ጎን ላይ ራሱ ዘይነባ ትራንስፖርት ተብሎ ተጽፏል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ነድታለች!»

ጨዋታው መጀመሪያ ሲከፈት የሾፌር ስም ይጠይቃል። የማሽኑ ተጠቃሚ ስም በራሱ ተሞልቶ ስለነበር ማጥፋቱ ሰንፎኝ «እሺ» ብዬ አልፌው ነበር።

«እና ምን ልታዘዝ?» አልኩ።

«ባለሙያ እርስዎ ነዎት። መጥተው መርምረው ሪፖርት ይጻፉልኝ። በሪፖርቱ መሠረት ማስጠንቀቂያ እሰጣታለሁ።»

ዘይነባ በኮንትራት ነበር የምትሠራው። ሰኔ ሲያልቅ ቋሚ እንድትሆን ስሟ ተልኳል። አንዲት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፋይሏ ውስጥ ከገባች ቋሚነቱ ይቅርና ኮንትራቱም አይታደስም። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ደንቡ የመጣበትን ደብዳቤ በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ጠግኜ የጨረስኩት የሞጣ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ሣጥን፣ ስለነበር አብሬ ወሰድኩት፤ ባትሪው የእርሳስ ነው፣ ይከብዳል። ከመናኸሪያ እስከ ቢሮው በትከሻዬ ተሸክሜው ጎብጬ በሩ ላይ ስደርስ፣ የዕድሜ እኩያዬ የሆነው ዘበኛው ሞላ አየኝና ሳቀ።

«አድማሱ! የማንን ደም አፍስሰህ ነው ድንጋይ ተሸክመህ የመጣኸው?»

በኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ ነው ለይቅርታ የሚመጣ፤ ይቅር ያለው ያወርድለታል። ሳቅሁ ልበል፣ ጥርሴን አሳየሁት።

«አንተ እንዴት ነህ?» አልኩት።

«ተወኝ። ጆሮዬ ታሟል። ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በምሳ ሰዓት የከባድ መኪና ጥሩንባ ይሰማኛል። የማዳበሪያ መኪና መጣ ብዬ ጉርሻዬን ጥዬ ሮጬ በር እከፍታለሁ፤ ማንም የለም። ስዘጋው እንደገና ይነፋል። ጠበል ገብቼ ሁለት ሱባዔ ያዝኩ፤ ወይ ፍንክች! ለሚስቴም አልነገርኳት፣ አብዷል እንዳትለኝ።»

ዩፒኤሱ ከትከሻዬ ሊያመልጥ ነበር። ድምፁ ወዴት ሲሄድ እንደከረመ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ዩፒኤሱን በረንዳው ላይ አስቀምጬ ውስጥ ገባሁ። አቶ ይርጋ ከማሽኑ አጠገብ ቆሟል። ዘይነባ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሽ አድማሱ» አለችኝ፣ «እኔ እኮ ባጃጅ ስሳፈር እንኳ ዓይኔን የምጨፍን ሰው ነኝ። ይንገሩልኝ።»

ማሽኑ ፊት ተቀመጥኩ። ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ መነጽሬን ጠረግሁ። ከዚያ አሮጌዋ ቃል በራሷ ከአፌ ወጣች።

«ቫይረስ ነው።»

አቶ ይርጋ ፊቱ በራ። «አልኩ እኮ! ቫይረስ ደግሞ በፍላሽ ነው የሚገባ። ፍላሽ ያላት እሷ ብቻ ናት። ይህንንም ይጻፉልኝ!»

ዘይነባ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ውሸቴ ስንት ዓመት ሲያገለግለኝ ኖሮ በዚያች ቀን ዞሮ እሷ ላይ ቆመ።

ተነሥቼ ወጣሁ። ዩፒኤሱን ከበረንዳው አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አስቀመጥኩና ሞላን «ና ግባ፣ አንተንም ይመለከታል» አልኩት። በሦስቱም ፊት ቆምኩ።

«ሾፌሩ እኔ ነኝ» አልኩ።

አቶ ይርጋ አላመነም። «ሊያድኗት ብለው ነው። እርስዎ በምሳ ሰዓት ቢቸና አይደሉም እንዴ?»

«ቢቸና ሆኜ ነው የምነዳው።»

ዩፒኤሱን ሳላወርድ በአንድ እጄ የሪሞቱን መዝገብ ከፈትኩለት። የኔ ላፕቶፕ ስም፣ የገባሁበት ሰዓት፣ የወጣሁበት ሰዓት፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ቅዳሴ ሰልፍ ተደርድሯል። ሁሉም ምሳ ሰዓት። ጨዋታውን አስነሣሁና ጥሩንባውን ጫንኩ። ስፒከሮቹ ቢሮውን አናወጡት።

ሞላ ከወገቡ ቀና አለ። «ይኸ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ይኸው ነው ጥሩንባው! አንተ ውሻ! ጠበል ለጠበል ስታንከራትተኝ የከረምህ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

«አላወርድልህም። ትንሽ ተሸከመው።»

ትንሽ ተሸከምኩት። አቶ ይርጋ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፣ ንዴት ግን አልመሰለኝም። በመጨረሻ ዘይነባ ተነሥታ «ይበቃዎታል ጋሼ፣ ወገብዎ ይሰበራል» ብላ ከሞላ ጋር አወረደችልኝ። ይቅርታዋ ግን በነፃ አልነበረም።

«በስሜ ስንት ጊዜ ተጋጩ?» አለችኝ።

አልቆጠርኩም አልኳት። ጨዋታው ግን ቆጥሮ ኖሯል። አነበበችውና ቁጥሩን ደግማ ለሞላ ጮክ ብላ አነበበችለት።

«መስመሩ ቀርፋፋ ሆኖብኝ ነው እንጂ» አልኩ፣ ክብሬን ለማትረፍ።

«እንግዲህ አሁን ማሽኑ ፊት ነዎት፤ ይንዱ።»

ነዳሁ። መስመር የለ፣ መዘግየት የለ፣ ቀለሙ ሁሉ ሙሉ። በመጀመሪያው መታጠፊያ አስቀድሜ አዞርኩና ዛፍ መታሁ። ዘይነባ ወንበሩን ተቀበለችኝ፤ ዓይኗን ሳትጨፍን መታጠፊያውን አልፋ መኪናውን መጋዘን በር ላይ አቆመችው።

ሰኔ ሲያልቅ ቋሚ ሆነች። ማስጠንቀቂያው ለኔ ተወሰነ። አቶ ይርጋ በጉዳዩ ላይ ለዋናው ቢሮ ጻፈ፤ ቢቸና ያለው ኃላፊም ረቂቁን አዘጋጅቶ ጠራኝ። ጸሐፊዋ ወሊድ ላይ ስለነበረች በሦስት ቅጂ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ካርቦን ስላልነበረ አልተገለበጠም።

ጡረታ እስክወጣ ከዚያ በኋላ ሌላ ማሽን ውስጥ በሪሞት ስገባ አንድ ሥርዓት ነበረኝ። እናንተም አሁን በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ይህንኑ አድርጉ። ከመግባታችሁ በፊት ወደ ማሽኑ ባለቤት ደውሉ። ፕሮግራሙ ስም ሲጠይቅ የራሳችሁን ጻፉ። ድምፅ ካልሰማችሁ፣ ሌላ ሰው እየሰማው ሊሆን ይችላልና ዘበኛውን ጠይቁት።